ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የምግብ ማስታወሻ መያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክብደት ለመቀነስ ስሊቭ (ጨጓራውን ቆርጦ ማሳነስ) ወይም ባይፓስ (ጨጓራውን አሳንሶ ምግቡን በአቋራጭ ወደ አንጀት መላክ) የሚባለውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ የራስዎ ሐኪም የነገረዎት ከዚህ ከተለየ የሐኪምዎን ይከተሉ።

የምግብ ማስታወሻ ሲባል ምን ማለት ነው?

በቀን ውስጥ የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ የሚጽፉበት ደብተር ነው። ምን እንደበሉ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተሰማዎት። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል።

ጨጓራዬ ትንሽ ሆኗል። ብዙ መብላት ካልቻልኩ መጻፉ ምን ያደርግልኛል?

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጨጓራው ራሱ "በቃ" ይላል። በስሊቭ ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል። በባይፓስ ደግሞ ምግቡን የሚቀበለው ክፍል መጀመሪያ ላይ የእንቁላል ያህል ነው። ጥቂት ማንኪያ ሲገባ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ስጋቱ መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው፤ ደብተሩ የሚጠቅመው በቂ ፕሮቲንና ውኃ ማግኘትዎን ለማየት ነው።

ከዓመት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ረሃቡ ይመለሳል፣ የሚበሉት መጠንም ቀስ እያለ ይጨምራል። ብዙ ሰው ዝቅተኛ ክብደቱ ላይ የሚደርሰው ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ጥቂቱ ሳይታወቅ ብዙ ሲሆን ነው።

ደግሞ ኪሎው ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በምሳና በእራት አይደለም። ትንሽ ጨጓራ ትልቅ ምሳ አያስገባም። የሚመለሰው በስኳር ቡና፣ ከቡናው ጋር በሚቆረጠመው ቆሎ፣ ወጥ ሲሠራ በሚቀመሰው፣ ልጆች ሳህናቸው ላይ በተዉት ነው። እነዚህን "በላሁ" ብሎ የሚቆጥር ሰው የለም። ለዚህ ነው መጻፍ የሚያስፈልገው።

መጻፉ ክብደት እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ነገር አለ?

አለ፣ ግን በልኩ ይወሰድ። በ2008 የታተመ የአሜሪካው የካይዘር ፐርማነንቴ ጥናት 1,700 ገደማ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። የበሉትን በየቀኑ የጻፉት፣ ምንም ካልጻፉት ሰዎች እጥፍ ያህል ክብደት ቀንሰዋል። እነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አልነበሩም። ደግሞም በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ድሮም ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከታተሉ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በመጀመሪያ ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ደብተር ነው።

መቼ ልጀምር?

ከኦፕራሲዮኑ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ቢጀምሩ ጥሩ ነው። ያኔ የነበረው አመጋገብዎ ከነጉዱ ተጽፎ ይቀመጣል፤ በኋላ ለማወዳደር ይጠቅማል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ እያሉ ወደ መደበኛ ምግብ ይመለሳሉ። ይህ በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ምግብ አንድ በአንድ ነው የሚሞከረው። የትኛው እንደተስማማዎት፣ የትኛው እንዳስመለሰዎት ካልጻፉ ከሳምንት በኋላ ይምታታብዎታል።

ምን ምን ነው የምጽፈው?

ሰዓት፣ ምግብ፣ መጠን፣ መጠጥ፣ ቫይታሚን። በዚህ ላይ ርቦዎት ነበር ወይ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ሲጨርሱ ምን ተሰማዎት የሚለውን በአጭሩ ይጨምሩ። ኦፕራሲዮን ካደረገች ስምንት ወር የሆናት አንዲት ሴት ማክሰኞዋን ብትጽፈው እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

"ጠዋት 1:15፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና 2 ማንኪያ አይብ፣ 20 ደቂቃ፣ ጠገብኩ። እስከ 4 ሰዓት ግማሽ ሊትር ውኃ። 4:30፣ ቡና በ1 ማንኪያ ስኳር፣ አልራበኝም፣ ጓደኛዬ ጠርታኝ ነው። 6:40፣ የዶሮ ሥጋ 50 ግራም፣ ምስር ወጥ 3 ማንኪያ፣ እንጀራ የመዳፌን ያህል፣ ቸኩዬ በላሁ፣ ደረቴ ላይ ቆመብኝ። ማታ 12:00፣ ልጄ የተወው ፓስታ 3 ሹካ፣ ቆሜ።"

ከዚህ ውስጥ ለባለሙያ ብዙ የሚናገሩት "ቸኩዬ"፣ "አልራበኝም" እና "ቆሜ" የሚሉት ቃላት ናቸው። እንቁላሉንማ ማንም ያስታውሰዋል።

ደብተር ይሻላል ወይስ የስልክ አፕ?

የሚጽፉበት ይሻላል። ስልክ ከእጅዎ የማይለይ ከሆነ አፕ ይመቻል። ባሪታስቲክ (Baritastic) የሚባለው ለዚህ ቀዶ ሕክምና ተብሎ የተሠራ ነው፤ ማይፊትነስፓልንም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። የእኛ ምግብ ላይ ሲደርሱ ግን ይጠንቀቁ። "እንጀራ" ብለው ሲፈልጉ ተጠቃሚዎች እንደመሰላቸው ያስገቧቸው የተለያዩ ቁጥሮች ይመጣሉ። ሽሮና ጎመንም እንደዚያው። የእርስዎ ወጥ ውስጥ ስንት ጭልፋ ዘይት እንደገባ አፑ አያውቅም።

አንዴ የራስዎን አሠራር ለክተው ቢያስገቡና "የቤት ሽሮ" ብለው ቢያስቀምጡት ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። መጻፍ የሚሰለችዎት ከሆነ ደግሞ ሳህኑን ፎቶ ያንሱ፣ ማታ ቁጭ ብለው ይጻፉት።

እንጀራና ወጥ እንዴት ነው የሚለካው?

እንጀራ ቀላሉ ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያድርጉ። 320 ግራም ከመዘነ ሩቡ 80 ግራም ነው። ከዚያ በኋላ "ሩብ"፣ "የመዳፍ ያህል" ብለው መጻፍ ይችላሉ። ንጹህ ጤፍ ይሁን ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር የተደባለቀ ይጻፉት፤ በተለይ ውጭ አገር ከሱቅ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው።

ወጥ ላይ ወሳኙ ዘይቱና ቅቤው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። አንድ ኩባያ ዘይት የገባበት ድስት ገና ሽንኩርቱ ሳይቆጠር ከ1,900 ካሎሪ በላይ ይዟል። ለስምንት ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዱ 240 ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ ዘይቱን በዓይን ግምት ከጠርሙስ አያፍስሱ፣ በማንኪያ ቆጥረው ይጨምሩ። ሚዛን መግዛት የማይፈልግ ሰው እንኳ ይህን አንዱን ቢያደርግ ማስታወሻው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

አንድ ሌላ ነገር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፕሮቲን መጀመሪያ፣ አትክልት ቀጥሎ፣ እንጀራ መጨረሻ ይበላል። በእጅ በእንጀራ እየጠቀለሉ ሲበሉ ይህ አይሆንም፤ እንጀራው ከሁሉ ቀድሞ ይገባል። ደግሞ ለስላሳና ሊጥነት ያለው ምግብ ተጣብቆ መቆም ይወዳል። ወጡን በማንኪያ ይብሉት። እናትዎ ቢስቁ ይሳቁ።

ከቤተሰብ ጋር በአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ጉርሻስ?

ከትሪ ላይ ሲበሉ ምን ያህል እንደበሉ ማወቅ አይቻልም። የቀረበው ሁሉ የጋራ ነው። የእርስዎን ድርሻ ቀድመው በትንሽ ሳህን ያውጡ፣ ሳህኑን ይዘው እዚያው ትሪው ዳር ይቀመጡ። አብሮ መብላቱ አይቀርም፣ የሚለየው ሳህኑ ብቻ ነው።

ጉርሻ ሁለት ችግር አለው። መጠኑን ሌላ ሰው ነው የሚወስነው፣ ደግሞ ሳይታኘክ ይዋጣል። ለትንሽ ጨጓራ አንድ ትልቅ ጉርሻ ሙሉ ምሳ ሊሆን ይችላል። እምቢ ማለት ከከበደዎት "በእጄ ስጡኝ" ብለው ተቀብለው ቆርሰው ይብሉ። ሠርግና ልደት ላይ ተቀብለው ከሆነ "ጉርሻ፣ 2" ብለው ይጻፉት። ግራሙን መገመት አይጠበቅብዎትም።

ቡና ይጻፋል?

ይጻፋል። ቡናው ራሱ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስኳሩና ቁርሱ ነው ያለው። በሁለት ማንኪያ ስኳር ከአቦል እስከ በረካ ከጠጡ ስድስት የሻይ ማንኪያ፣ 24 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ቆሎው 30 ግራም ቢሆን 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በቡና እየተገፉ ሲወርዱ ጨጓራ የመሙላት ምልክት ሳይሰጥ ብዙ ይገባል። ከምግብ ጋር አይጠጣ፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ የሚባለው በከፊል ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሐኪሞች ቡና ጭራሽ ይከለክላሉ። መቼ እንደሚፈቀድ የራስዎን ይጠይቁ።

ጠላና ጠጅስ?

ይጻፋሉ፣ በብርሌና በጣሳ ቁጥር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ አልኮል ወደ ደም ቶሎ ይገባል። ድሮ የማያሰክርዎ መጠን አሁን ያሰክራል። ጠጅ በዚያ ላይ ጣፋጭ ነው። ብዛቱ በደብተሩ ላይ እየጨመረ ካዩ ለሐኪም ይንገሩ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ዓመታት የአልኮል ችግር የሚገጥማቸው ሰዎች አሉ።

ፕሮቲኔን እንዴት ልቁጠር?

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ግብ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30 ገደማ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ገደማ አለው። በእነዚህ ብቻ እንኳ ቀንዎን መገመት ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በሽሮ ነው። ሽሮ የሽምብራ ነው፣ ሽምብራ ፕሮቲን አለው፣ ስለዚህ ሽሮ በልቻለሁ በቅቶኛል ይባላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት ግን 8 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ፕሮቲኑ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። የቀጠነ ሽሮ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ወፍራም ሽሮ ከእንቁላል ወይም ከአይብ ጋር ሌላ ነገር ነው።

በጾም ወቅትስ?

ጾሙ ካልታሰበበት ፕሮቲኑ ወዲያው ይወርዳል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩበት ዓመቱ በጾም የተሞላ ነው። በምስር፣ በአተር፣ በሽምብራና በቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) 60 ግራም መድረስ ይቻላል፣ ግን ሳይጽፉ የሚደርስ ሰው እምብዛም ነው። ከጾሙ በፊት አንድ ሳምንት የጾም ምግብ በልተው ይጻፉና ይደምሩ። 30 ግራም ላይ ከቆመ ደብተሩን ይዘው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ከዚያ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀልላለች፣ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሮመዳን ለሚጾሙ ትልቁ ጥያቄ ውኃ ነው። በየቀኑ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ በትንሽ በትንሹ መግባት አለበት። በአንዴ መጠጣት ስለማይችሉ ሰዓቱን ከፋፍለው ይጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክሩት።

ቫይታሚኖቹንም ልጽፍ ነው?

አዎ፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸውና። ካልሲየም በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊግራም ይታዘዛል፤ በአንዴ ከ600 በላይ ስለማይሰርግ ይከፋፈላል። ከብረት ኪኒን ጋር ደግሞ 2 ሰዓት ይራራቅ፣ አለዚያ አንዱ የሌላውን መስረግ ይቀንሳል። ቡናና ሻይም ብረቱን ያዳክማሉ። ይህን ሁሉ በጭንቅላት መያዝ አይቻልም፣ ሰዓቱን ይጻፉ።

"ጤፍ ብረት ስላለው ኪኒኑን ተውኩት" የሚሉ ሰዎች አሉ። አይተዉ። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የሚገባ ነው፤ ሰውነት የሚጠቀምበት ደግሞ ትንሽ ነው።

ሐኪሜ አማርኛ አያውቅም። ማስታወሻውን እንዴት ላሳየው?

በአማርኛ ይጻፉ፣ ለራስዎ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ያስተካክሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእነሱ 8 ነው፤ ማታ 2 ሰዓት የበሉት ለእነሱ ሌሊት የተበላ ይመስላል። ሁለተኛው ቀን ነው። መስከረም 1 የእነሱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው። ከቀጠሮ በፊት የአንድ ሳምንቱን በእነሱ አቆጣጠር ወደ አንድ ገጽ ይገልብጡት። "ሽሮ" ብለው አይተዉት፤ የሽምብራ ዱቄት በዘይት የተሠራ መሆኑን ይግለጹ።

ከበላሁ በኋላ ያልበኛል፣ ልቤ ይመታል። ደብተሩ ምን ሊነግረኝ ይችላል?

ዋናው ነገር ከበሉ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደመጣ ነው። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ፣ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ካለው፣ ዳምፒንግ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ጣፋጭ ነገር ቶሎ ወደ አንጀት ሲወርድ የሚመጣ ነው። ባይፓስ ያደረጉ ላይ በብዛት ይታያል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ማላብ፣ መንቀጥቀጥና መዛል ከመጣ ደግሞ የደም ስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። "አንዳንዴ ያልበኛል" ከማለት "ብርዝ ጠጥቼ በ15 ደቂቃ" የሚል አንድ መስመር ይሻላል።

ማስታወክ ተደጋግሞ ከቀጠለ ግን ጽፈው ቀጠሮ አይጠብቁ። ከማስታወኩ የሚመጣው የቫይታሚን ቢ1 እጥረት በሳምንታት ውስጥ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ትኩሳት፣ የበረታ የሆድ ሕመም ወይም የማይበርድ የልብ ምት ካለ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሁሉንም እየጻፍኩ ክብደቴ ይጨምራል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ምናልባት ምንም። መድኃኒት፣ የታይሮይድ ችግር፣ እርግዝና፣ የጨጓራው መስፋት ሁሉ ምክንያት ሊሆኑ ስለሚችሉ ይመርመሩ። ግን መጀመሪያ ደብተሩን ይፈትሹት። በ1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት "ትንሽ እየበላሁ አልቀንስም" የሚሉ ሰዎችን በትክክል ለክቶ ነበር። የበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው ነው የጻፉት። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም፣ የሰው ግምት እንደዚያ ነው።

ለሦስት ቀን ብቻ፣ ከሦስቱ አንዱን እሑድ አድርገው፣ ከመብላትዎ በፊት ይጻፉ። ይመዝኑ። ቅምሻውን፣ ጁሱን፣ ለስላሳውን፣ ማታ ቴሌቪዥን ሲያዩ የያዙትን ሁሉ። ቁጥሩ ከቀድሞው ከተለየ መልሱን አግኝተዋል።

ያበላሸሁበትን ቀን ልጻፈው ወይ? አፍራለሁ።

ይጻፉት። ባዶ ገጽ ለሐኪሙም ለእርስዎም አይረዳም። "ከለቅሶ ቤት መልስ፣ ኬክ ሁለት ቁራጭ" የሚለው መስመር ስለ ኬኩ ብቻ አይደለም፤ ሲያዝኑ ምን እንደሚያደርጉ ያሳያል። ገጹን ለባል፣ ለሚስት ወይም ለእህት ማሳየት ግዴታ የለብዎትም። ኦፕራሲዮኑን ለሰው ያልነገሩ ብዙዎች ስልካቸው ላይ በይለፍ ቃል ይይዙታል።

መጻፉ ራሱ ጭንቀት ሆነብኝ። መተው እችላለሁ?

አንድ እንቁላል ለመብላት ካሎሪ እያሰሉ የሚጨነቁ ከሆነ ቁጥሩን ይተዉት። ለጊዜው ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ፕሮቲንና ውኃ። ወይም በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይጻፉ። ቀድሞ ሆን ብሎ የማስታወክ ወይም ራስን የማስራብ ችግር ከነበረብዎት ግን ይህን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ በዝርዝር መቁጠር አይጀምሩ።

ክብደታቸው ረግቶ ዓመታት የቆዩ ሰዎች ሁልጊዜ አይጽፉም። በሳምንት አንድ ቀን ይመዘናሉ፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ከጨመረ ደብተሩን ለሁለት ሳምንት ያወጡታል፣ ሲስተካከል ይመልሱታል።